የማን ልጅ ነህ?

ውልና ማስረጃ መሥሪያ ቤት፣ መስኮቱ ፊት እናትና አባት ጎን ለጎን ቆመዋል። ጎን ለጎን ይባል እንጂ በመካከላቸው ሌላ ሁለት ሰው ያስቆማል። ከተፋቱ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ ያገናኛቸው ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን የሚነካካው የ15 ዓመት ልጃቸው ነው። ክረምቱን ፍራንክፈርት ከሚኖሩ ዘመዶቹ ዘንድ ሊያሳልፍ ነው፤ የሚበረውም ብቻውን ነው።

ሠራተኛዋ መታወቂያቸውን ተቀበለች። የሚፈርሙትን የወላጅ ፈቃድ ረቂቅ አየች፣ የልደት ምስክር ወረቀቱን አየች፣ ተመልሳ ረቂቁን አየች።

«አባቴ፣ ልጁ መቼ ነው የተወለደው?»

«ግንቦት 28፣ 2002።»

«እዚህ የተጻፈው ግን ሜይ 28 ነው።»

«ሜይ ግንቦት አይደለም እንዴ?»

«ግንቦት 28 ማለት ጁን 5 ነው። ልደቱም ፓስፖርቱም ላይ ጁን 5 ነው የሚለው። አስተካክላችሁ አምጡልኝ።»

እናትየዋ ወደ አባትየው ዞር ብላ አየችው፤ የተናገረችው ነገር ግን የለም። ጥፋቱ የእሱም አልነበረም። በር ላይ ኮምፒውተር ዘርግተው ማመልከቻ ከሚጽፉት ወጣቶች አንዱ የወሩን ስም ወደ ፈረንጅ ቀይሮ ቀኑን እንዳለ ትቶታል። ሦስቱም ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ደጅ ወጡ፤ ልጁ ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ።

እዚህ የባከነው ግማሽ ሰዓትና የጽሕፈት ዋጋ ብቻ ነው። ያው ወረቀት ማህተም አርፎበት ኤምባሲ ቢደርስ ኖሮ ግን ቆንስሉ ፊት ሁለት የተለያዩ ልጆች ይቆሙ ነበር፤ አንዱ በሜይ፣ ሌላው በጁን የተወለደ።

ብቻውን ውጭ አገር ስለሚበር ልጅ ሲወራ ሰው ቶሎ የሚያነሳው ቪዛን ነው። «ቪዛ መታለት?» ይባላል፤ ከተመታለት ነገሩ እንዳለቀ ይቆጠራል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ገጠር ውስጥ ብቻውን የሚሄድ የማያውቁት ልጅ ያጋጠማቸው ሽማግሌ አስቀድመው የሚጠይቁት «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ነው። ወዴት እንደሚሄድ የሚጠየቀው ቀጥሎ ነው። ከውልና ማስረጃ እስከ ፍራንክፈርት የፓስፖርት መስኮት ድረስ ያለው ሁሉ ይህንኑ የሽማግሌ ጥያቄ በማህተም የሚጠይቅ ነው። ቪዛው የሚመልሰው ወዴት ትሄዳለህ የሚለውን ብቻ ነው።

በአገራችን ሕግ ጥያቄው ግልጽ መልስ አለው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ይለዋል፤ በጋብቻ ውስጥ ያሉ እናትና አባትም የልጃቸው አሳዳሪና ሞግዚት በጋራ ናቸው። «በጋራ» የሚለው ቃል ነው ብዙ ቤተሰብን የሚያንከራትተው። አባት አዲስ አበባ፣ እናት ቤይሩት ከሆኑ የእናትየው ፈቃድ እዚያ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተፈርሞ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማህተሙ ተረጋግጦ መምጣት አለበት። ተፋተው ከሆነ የልጁ አሳዳጊ ማን እንደሆነ የሚናገረው የፍርድ ቤት ውሳኔ ይጠየቃል። ከሁለቱ አንዱ ሞቶ ከሆነ ደግሞ የሞት ምስክር ወረቀቱና የሞግዚትነት ማስረጃው አብሮ ይያዛል። አባቱ የት እንዳለ የማይታወቅ ልጅስ? የእሱ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሳይሄድ አይፈታም፤ ፍርድ ቤት ደግሞ የአውሮፕላን ሰዓት አይጠብቅም።

የእኛ የስም አጠራርም በዚህ ላይ የራሱን ችግር ይጨምራል። ልጅ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል፤ እናቱ በራሷ አባትና አያት ስም ትጠራለች። እኛ ዘንድ ይህን ማንም ልብ አይለውም። ቤተሰብ ሁሉ በአንድ የቤተሰብ ስም በሚጠራበት አገር የተማረ የድንበር ፖሊስ ግን የልጁን ፓስፖርትና የእናቱን ፊርማ ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ አንድም የሚመሳሰል ስም አያገኝም። እናትና ልጅ መሆናቸውን የሚያሳየው የልደት ምስክር ወረቀቱ ብቻ ነው፤ የተተረጎመና የተረጋገጠ ኮፒው ከፈቃዱ ጋር መያያዝ ያለበትም ለዚህ ነው። ኦሪጅናሉ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ሻንጣው የሚገኘው ፓስፖርት ከታየ በኋላ ነውና።

ከስም የባሰው ቀን ነው። በሚሊኒየሙ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደን ልጅ እናስብ። ያ ቀን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሴፕቴምበር 12፣ 2007 ነበር፤ ከዚያ በፊት ያለው ዓመት ጳጉሜን 6 ስለነበረች አዲሱ ዓመት በአንድ ቀን ተገፍቷል። ይህ ልጅ በእኛ አቆጣጠር 18 ዓመት የሞላው መስከረም 1 ቀን 2018 ነው። ያ ቀን ግን በጎርጎርዮሳዊው ሴፕቴምበር 11፣ 2025 ነው፤ በፓስፖርቱ መሠረት ልጁ 18 የሚሞላው በማግሥቱ ነበር። በዕለተ እንቁጣጣሽ ጠዋት ቢበር ኖሮ ቤተሰቡ ጎልማሳ ብሎ የሸኘውን ልጅ አየር መንገዱም የድንበር ፖሊሱም እንደ ሕፃን ይቀበሉት ነበር። ለአንድ ቀን ብሎ የሚስቅ ሰው ይኖራል። ዕድሜ በሚወስነው ጉዳይ ላይ ግን አንድ ቀን የሚያሳልፍም የሚያስቀርም ነው፤ የሚቆጠረውም ሁልጊዜ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቀን ነው።

አሁን ወደ 15 ዓመቱ ልጅ እንመለስ፤ ወረቀቱ ተስተካክሎ፣ እናትና አባት ፈርመው፣ ማህተሙ አርፎበታል እንበል። ቀጣዩ ጀርመን ነው። ጀርመንና ሌሎቹ የሸንገን አገሮች የሚሠሩበት የቪዛ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ቁጥር 810 ነው። ደንቡ አካለ መጠን ያላደረሰ አመልካች ከወላጆቹ ጋር የማይጓዝ ከሆነ የወላጅ ወይም የሞግዚት ፈቃድ ከሰነዶቹ መካከል እንዲኖር ይጠይቃል፤ የማመልከቻ ቅጹንም የሚፈርመው ወላጅ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን ያስፈልጋል። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይገባል፤ ከ15 ቀን በታች ሲቀር ግን አይሆንም። ክረምት ሲቃረብ የቀጠሮው ወረፋ ስለሚረዝም 6 ወሩን በሙሉ መጠቀም እንጂ 15 ቀኑን ማመን አያዋጣም።

ጋባዡ ዘመድም የራሱ መንገድ አለው። ጀርመን ያለ ዘመድ የእንግዳውን ወጪ እንደሚሸፍን ለማሳየት በአካባቢው የውጭ ዜጎች መሥሪያ ቤት ቀርቦ፣ የደሞዝ ወረቀቱን አሳይቶ፣ የግዴታ ሰነድ ይፈርማል። ጀርመኖቹ ፈርፕፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ ይሉታል፤ በአንድ ትንፋሽ ማለት የቻለ የአገሬ ሰው በቋንቋ ፈተናው እንደሚያልፍ አልጠራጠርም። ቀልዱ ቀልድ ሆኖ፣ ሰነዱ ተራ የግብዣ ደብዳቤ አይደለም። የፈረመው ሰው ልጁ እዚያ ለሚያስከትለው የመኖሪያና የሕክምና ወጪ በሕግ ተጠያቂ ይሆናል። የዝምድናው ነገርም በጥንቃቄ ይጻፍ። የእናቱ የአክስት ልጅ ቤት ውስጥ «አክስቴ» ብትባል ያምራል፤ ወረቀት ላይ ግን የእናቱ የአክስት ልጅ ተብላ ትጻፍ። ልጁ በመስኮት «አክስቴ ናት» ብሎ ወረቀቱ ሌላ ከተናገረ ውሸታሙ ልጁ ይሆናል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚገርመኝ ነገር አለ። 12 ዓመት የሞላው ልጅ ለገንዘብ አዋቂ ነው። ለሸንገን ቪዛ ከ6 ዓመት እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ 45 ዩሮ ሲከፍል 12 የሞላው እንደ አባቱ 90 ዩሮ ይከፍላል። ለአውሮፕላን ቲኬትም የልጅ ቅናሽ የሚቆመው በ12 ዓመቱ ነው። ለፊርማ ሲሆን ግን ልጅ ነው፤ እስከ 18 ድረስ ፊርማው አይሠራም። ከ12 እስከ 18 ያሉት ዓመታት እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ሲከፍል ትልቅ ነህ ይባላል፣ ሲናገር ወላጅህን አምጣ ይባላል። አየር መንገዶችም መስመሩን እዚያው ላይ ነው ያሰመሩት። በአብዛኞቹ ዘንድ ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ብቻውን አይሳፈርም። ከ5 እስከ 11 ያለው ያለ አጃቢ የሚጓዝ ልጅ ተብሎ፣ በአየር መንገዱ ሠራተኛ እጅ ከአስረካቢ ወደ ተረካቢ ይተላለፋል፤ ለዚህም ይከፈላል። ከ12 እስከ 17 ያለው ደግሞ ቤተሰቡ ካልጠየቀና ካልከፈለ በስተቀር እንደ ማንኛውም መንገደኛ ነው።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የሚያስከትለውን ብዙ ወላጅ አያስተውልም። አገልግሎቱ ካልተገዛ፣ በረራው ቢዘገይና የሚቀጥለው አውሮፕላን ቢያመልጥ የ14 ዓመት ልጅ ማታ በማያውቀው አየር ማረፊያ ብቻውን ነው። ሆቴል ይሰጠው ቢባል እንኳ ብዙ ሆቴል 18 ያልሞላውን ብቻውን አይቀበልም። ስለዚህ ገንዘቡ ከተገኘ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚበር የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ አገልግሎቱን መግዛት ቅንጦት አይደለም። ካልሆነም መንገዱ ቀጥታ ይሁን፤ በረራው ርካሽ ነው ተብሎ ሁለት ቦታ ላይ የሚያስቀይር ቲኬት አይቆረጥለት።

ትራንዚት ሌላም ወጥመድ አለው። ኢትዮጵያ በሸንገን አገሮች አየር ማረፊያ ውስጥ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቅባቸው አገሮች አንዷ ናት። በዚሁ የቪዛ ደንብ አባሪ ላይ ኤርትራ፣ ሶማሊያ፣ ናይጄሪያ፣ ጋና፣ ፓኪስታንና ሌሎችም አብረዋት ተዘርዝረዋል። የአሜሪካ ወይም የካናዳ የጸና ቪዛ ያለው ከዚህ ግዴታ ነፃ ነው። ለምሳሌ በአውሮፓ በኩል ወደ ደቡብ አሜሪካ የሚሄድ ልጅ ግን የመድረሻው ቪዛ እንጂ የመንገዱ ስለሌለው ገና ቦሌ ላይ ከመሳፈር ሊቀር ይችላል። የሚያስቀረው አየር መንገዱ ነው፤ ወረቀቱ ያልተሟላ መንገደኛ ይዞ ቢደርስ የሚቀጣውም የሚመልሰውም እሱ ስለሆነ።

የእንግሊዝ ደንብ ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለው። 18 ላልሞላው ልጅ የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛ ልጁ ከአዋቂ ጋር ይጓዝ ወይም ብቻውን በራሱ ላይ ይገልጻል። አብሮ የሚጓዘው አዋቂ ተጠቅሶ ከሆነ ልጁ ያለዚያ ሰው ቢደርስ ሊመለስ ይችላል። እናት አብሬው እሄዳለሁ ብላ አመልክታ፣ ኋላ ሥራ ይዟት «አንተ ቅደም፣ በሳምንቱ እመጣለሁ» ብትለው ቪዛው ያልፈቀደውን ነው ያደረገችው።

ለምን ይህን ያህል ይጠበቃል ብሎ መቆጣት ቀላል ነው። እኔም ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተቱ ወላጆችን ሳይ ያናድደኛል። ምክንያቶቹ ግን ከባዶ አልመጡም። አንደኛው የተጣሉ ወላጆች ናቸው፤ አንዱ ሌላው ሳያውቅ ልጅ ይዞ ወይም ልጅ ልኮ ይሰወራል። የሸንገን የድንበር ደንብ ለልጆች የተለየ አባሪ ያለው ለዚህ ነው፤ የድንበር ጠባቂ ብቻውን የሚጓዝን ልጅ ወረቀት በጥልቀት እንዲመረምር፣ ልጁም ከአሳዳጊዎቹ ፈቃድ ውጭ ከአገር እንዳይወጣ እንዲያረጋግጥ ያዛል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በጁን 2015 አካለ መጠን ያላደረሰ ሁሉ የሁለቱንም ወላጆች ስም የያዘ ሙሉ የልደት ምስክር ወረቀት ካላሳየ አይገባም አይወጣም ብላ ነበር። የሰጠችው ምክንያት የልጆች ዝውውር ነው። የቱሪዝም ነጋዴው ገበያችን ሞተ ብሎ ጮኸ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ደንቡ ለብዙ ጎብኚዎች ላላ። ብቻውን ለሚጓዘው ልጅ ግን አልላላም።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ በግልጽ አይነገርም። ቆንስሉ የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጅ ፊቱ ሲቆም የሚያስበው ልጁ ይመለሳል ወይስ አይመለስም ነው። አውሮፓ ደርሶ ጥገኝነት የጠየቀ ብቸኛ ልጅ በሕግ የተለየ ጥበቃ አለው፤ ጥገኝነቱ ከተፈቀደለትም ወላጆቹን የማስመጣት መብት ይኖረዋል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 አንዲት ኤርትራዊት ወጣትን በሚመለከት ወሳኝ ፍርድ ሰጥቷል። ልጅቱ ብቻዋን ኔዘርላንድስ ገብታ ጥገኝነት ስትጠይቅ 18 አልሞላትም ነበር፤ ጉዳይዋ እየታየ ሳለ ሞላት። ፍርድ ቤቱ የሚቆጠረው ጥገኝነት የጠየቀችበት ቀን ዕድሜ ነው ብሎ ወላጆቿን የማስመጣት መብቷን አጸናላት። ፍርዱ ትክክል ይመስለኛል፤ መሥሪያ ቤት ፋይል እያዘገየ የልጅን መብት ማስረጀት የለበትም። ግን በሌላ በኩል ክረምቱን ለማሳለፍ ብቻ የሚያመለክተው ልጃችን የጥርጣሬውን ዋጋ ይከፍላል። የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ በመስከረም የሚመለስበትን ክፍል የሚገልጽ ማስረጃ፣ የደርሶ መልስ በረራ ማስያዣና የወላጅ የገቢ ማስረጃ የሚጠየቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዞው በተቃራኒ አቅጣጫም አለ። በየክረምቱ ከዋሽንግተን፣ ከቶሮንቶ፣ ከስቶክሆልም የሚመጡ የኢትዮጵያውያን ልጆች አሉ፤ አያት እንዲያዩ፣ ቋንቋ እንዲለምዱ ይላካሉ። አሜሪካ ልጅ ሲወጣ የወላጅ ፈቃድ የሚጠይቅ የመውጫ ፍተሻ የላትም። ጥበቃዋን የምታደርገው ፓስፖርቱ ሲወጣ ነው፤ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ፓስፖርት ሁለቱም ወላጆች መቅረብ አለባቸው፤ ያልቀረበው ወላጅ በኖታሪ ፊት የፈረመውን ቅጽ ይልካል። ያ ፓስፖርት 5 ዓመት ብቻ ያገለግላል፤ ከ16 ዓመት ጀምሮ የሚሰጠው ግን 10 ዓመት። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ቤተሰብ ልጁ 11 ዓመቱ ሳለ ያወጣለት ፓስፖርት 16 ሲሞላው ጊዜው ማለፉን የሚያስታውሰው አንዳንዴ ሻንጣ ከታሰረ በኋላ ነው። ልጁ የውጭ ዜጋ ስለሆነም ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ኢ-ቪዛ ወይም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ፣ ያስፈልገዋል። «የእኛው ልጅ አይደለም ወይ?» የሚባለው ለቤተ ዘመድ ነው።

ቦሌ ላይም ትንሽ የምትመስል ነገር ታጋጥማለች። አየር መንገዱ አጅቦ ያመጣውን ልጅ የሚያስረክበው ቅጹ ላይ ስሙ ለተጻፈ ሰው ብቻ ነው፤ መታወቂያ አይቶ፣ አስፈርሞ። ተቀባይዋ አያት ናቸው እንበል፤ ቅጹን አሜሪካ ሆኖ የሞላው ልጃቸው ሰው ሁሉ የሚጠራቸውን የቤት ስም ጽፏል፤ የአያቲቱ መታወቂያ ግን የክርስትና ስማቸውን ይዟል። አያት ነጠላቸውን አስተካክለው ሙልሙል ዳቦ በፌስታል ይዘው ቆመዋል፤ ልጁ ሮጦ ሊያቅፋቸው ነው። ሠራተኛው ግን ማስረከብ አይችልም። ስልክ ይደወላል፣ ዋሽንግተን ገና ሌሊት ነው፣ አባት ከእንቅልፉ ይነሳል። ቅጹ ሲሞላ የተቀባዩን መታወቂያ ፎቶ አስልኮ ፊደል በፊደል መገልበጥ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

እስካሁን የተናገርነው ወረቀት ስለበዛባቸው ልጆች ነው። በዚያው ቦሌ በዚያው መስመር የሚያልፉ፣ ወረቀታቸው ጥቂትና ንጹሕ የሆነ፣ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ሌሎች ልጆች አሉ። አንድ ዓይነት የፕላስቲክ ፎልደር ይዘው በቡድን ይቆማሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ አውሮፕላን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ፓስፖርታቸው 23፣ 24፣ 25 ይላል። ከመካከላቸው ፊታቸው ይህን የማይል አሉ።

«ዕድሜ አስጨምራ ሄደች» የሚለውን ያልሰማ የአገራችን ሰው ያለ አይመስለኝም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ፣ ቁጥር 923፣ ለሥራ የሚሄድ ሰው 18 ዓመት የሞላው እንዲሆን ያስገድዳል። ደላላው ሕጉን የሚያልፈው ልጅቱን በማሳደግ ነው፤ በወረቀት ላይ። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የቀበሌ መታወቂያ ነው። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ለተወለዱት ዕድሜ ማለት ቤተሰብ የተናገረው ወይም የክርስትና ወረቀት ላይ የተጻፈው ነበር። መዝገብ ስለሌለ የሚያስተባብልም የለም። መታወቂያው 22 ካለ ፓስፖርቱም ያንኑ ይደግማል። ከዚያ በኋላ የወላጅ ፈቃድ የሚጠይቃት የለም፤ አካለ መጠን ደርሳለችና። የማን ልጅ ነሽ የሚላት መስኮት ሁሉ ተዘግቷል።

የዚህ ዋጋ የሚታወቀው እዚያ ከደረሰች በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች ዝውውርን ለመከላከል ያጸደቀው ፕሮቶኮል 18 ያልሞላውን ሁሉ ሕፃን ይለዋል፤ ለብዝበዛ የተወሰደ ሕፃን ደግሞ «ፈቅጄ ነው የሄድኩት» ቢልም ፈቃዱ አይቆጠርም። ጠንካራ ጥበቃ ነው። የ16 ዓመቷ ልጅ ፓስፖርት 24 ስለሚል ግን አያገኛትም። ደሞዝ ስትከለከል፣ ከቤት ስትጠፋ፣ ፖሊስ ሲይዛት የምትመዘገበው እንደ አዋቂ ነው፤ የምትታሰረውም ከአዋቂ ጋር። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2013 ጀምሮ ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከተመላሾቹ መካከል 18 ያልሞላቸው ነበሩ። በዚያው ዓመት መንግሥት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ ከለከለ፤ ክልከላው እ.ኤ.አ. በ2018 ተነሣ። በክልከላው ዓመታት ጉዞው አልቆመም፤ በሕገ ወጥ መንገድ ቀጠለ እንጂ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 በሰው የመነገድ ወንጀልን በከባድ ቅጣት ይቀጣል፤ ሐሰተኛ ዕድሜ የሚሠራው ግን በአብዛኛው ቀበሌ ላይ፣ በአንድ ማህተምና በጥቂት ብር ነው።

ስለዚህ ቦሌ ላይ የኢሚግሬሽን ሠራተኛ አንዲትን ልጅ ለብቻ ጠርቶ «ስንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥሽው? በስንት ዓመተ ምሕረት?» ሲል ብዙ ሰው ማንገላታት አድርጎ ያየዋል። አንዳንዴ ማንገላታት ሊሆን ይችላል። ግን 24 ዓመቴ ነው ያለች ልጅ አምና ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ ካለች፣ ያ ጥያቄ ከቀበሌ እስከ ፓስፖርት ድረስ ማንም ያልጠየቃት ነው። ወረቀት የበዛበት የፍራንክፈርቱ ልጅና ወረቀት ያነሰባት ወደ ዓረብ አገር የምትሄደው ልጅ በአንድ ሕግ ሥር ናቸው፤ አንዱን የሚያሰለቸው ነገር ሌላዋን የሚያድናት ነበር። በእኔ እምነት ወላጅን ከቢሮ ቢሮ የሚያንከራትተውን አሠራር ማቅለል ይገባል፤ ጥያቄውን ራሱን መተው ግን አይገባም።

ልጅ ልትልኩ ለተነሣችሁ ወላጆች የምለው ይኸው ነው። ፈቃዱ ላይ የሁለታችሁም ሙሉ ስምና ስልክ፣ የልጁ የፓስፖርት ቁጥር፣ የሚሄድበትና የሚመለስበት ቀን፣ የሚቀበለው ሰው ስም፣ አድራሻ፣ ስልክና ትክክለኛ ዝምድና ይኑር። በሚሄድበት አገር ቋንቋ ወይም በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ይረጋገጥ። አገሪቱ ባታስገድድም ይህን ደብዳቤ አትተዉት፤ ለምሳሌ የአሜሪካ የድንበር ባለሥልጣናት በሕግ አያስገድዱም፤ ልጁ እንዲይዘው ግን አጥብቀው ይመክራሉ። ልጁ ራሱ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያለውን ያንብብ። ማን እንደሚቀበለው፣ የት እንደሚያርፍ፣ መቼ እንደሚመለስ የሚጠየቀው እሱ ነው እንጂ እናንተ አይደላችሁም፤ ስልኩ ባትሪ ሲጨርስ ቁጥሩ በወረቀት ላይ ይኑረው።

ከሁሉ አስቀድማችሁ ግን የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ ፓስፖርቱንና የትምህርት ቤት ወረቀቱን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ቀኑንና የስሙን ፊደል አመሳክሩ። ልዩነት ካለ መጀመሪያ ወረዳ ሄዳችሁ አስተካክሉ፣ ከዚያ ፓስፖርት፣ ከዚያ የወላጅ ፈቃድ፣ ከዚያ ቪዛ። ገንዘቡ የማይመለስ ቲኬት የሚቆረጠው ቪዛው ከተመታ በኋላ ነው።